ሙሽራና ሕፃን በፎቶግራፍ አንሺ ፊት

በየሰዉ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ከሚታዩት ፎቶግራፎች መካከል ሁለት ዓይነቶች አይታጡም፤ አንደኛው የሠርግ፥ ሁለተኛው የሕፃን ነው። በእንግድነት የገባ ሰው ቡናው እስኪፈላ ድረስ ዓይኑን ወደ ግድግዳው እያነሣ «ይህች ሙሽራ ማን ናት? ይህስ ሕፃን የማን ልጅ ነው?» እያለ ይጠይቃል። ባለቤቶቹም ስለ ሰዎቹ ያወሩለታል እንጂ ስለ ፎቶግራፉ ራሱ የሚሉት ነገር የለም። ፎቶግራፉ በምን ችግር እንደ ተነሣ፥ ሙሽራይቱ ስለ ምን እንዳልሳቀች፥ ከሕፃኑ ጀርባ ብቅ ያለው እጅ የማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። እኛም ራሳችን ለብዙ ጊዜ ከማይጠይቁት ወገን ነበርን።

ፎቶግራፍ አንሺዎችን ቀርቦ ያነጋገረ ሰው ግን ከሥራቸው ሁሉ እነዚህ ሁለቱ ከባድ መሆናቸውን ይረዳል። ተራራን ወይም ሕንፃን ለማንሣት የወጣ ሰው ዛሬ ቢሳሳት ነገ ተመልሶ ያነሣዋል፤ ተራራው አይሄድበትም። ሠርግ ግን አይደገምም፤ ሕፃንም አይታዘዝም። ሙሽራይቱ ከአባቷ ቤት ደጃፍ የምትወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያቺን ደቂቃ ያመለጠችው ፎቶግራፍ አንሺ «እባክሽ ተመልሰሽ ግቢና እንደገና ውጪ» ቢላትና እሺ ብትለው እንኳ የእናቲቱ ዕንባ ደግሞ አይመለስለትም። ሕፃኑም የባለጸጋ ልጅ ቢሆን የድኻ፥ ሲርበው ያለቅሳል፥ እንቅልፉ ሲመጣ ይተኛል። የፎቶግራፍ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው በፈልሳፊዎቹ ስም ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ከሙሽራይቱና ከሕፃኑ ወገን ቆመን ልንመለከተው አሰብን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፈረንሳዊው ሉዊ ዳጌር የፈለሰፈው ጥበብ በፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ በጃንዋሪ ወር 1839 ተነገረ፤ አሠራሩም በዚያው ዓመት በኦገስት 19 ቀን በይፋ ተገለጠ። ብር የተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ በአዮዲን እንፋሎት ይታጠናል፤ በካሜራው ውስጥ ሆኖ ብርሃን ይቀበላል፤ ከዚያም በጋለ ባዜቃ እንፋሎት ሲታጠን ምስሉ ይወጣል። ምስሉ እጅግ ያማረ ነበረ፤ ሰሌዳው ግን ብርሃን ጠጥቶ ቶሎ የማይረካ ሆነ። በጠራ ፀሐይ እንኳ ብዙ ደቂቃ ይፈልግ ነበረ። ዳጌር በ1838 ከመስኮት ሆኖ ባነሣው በአንድ የፓሪስ ጎዳና ምስል ላይ መንገደኛውና ሠረገላው ሁሉ እንዳልነበረ ሆኖ ጠፍቷል፤ ጎልቶ የቀረው ጫማውን ለማስጠረግ እግሩን አንሥቶ የቆመ አንድ ሰው ነው። እርሱም የቀረው ስላልተንቀሳቀሰ ብቻ ነው። እንግዲህ ገና ከመጀመሪያው ጀምሮ የፎቶግራፍ ሕግ «የቆመ ይታያል፥ የሄደ ይጠፋል» የሚል ነበረ ማለት ይቻላል።

በ1840 በቪየና የነበረው የሒሳብ ሊቅ ዮሴፍ ፔትስቫል ብርሃንን በብዛት የሚያስገባ ሌንስ ሠራ። በዚያው ጊዜ በእንግሊዝ አገር ጎዳርድ የተባለው ሰው ሰሌዳውን ከአዮዲን ሌላ በብሮሚንም ቢያጥኑት የሚፈልገው ጊዜ እንደሚያጥር ገለጠ። በሁለቱም ምክንያት የሰውን ፊት ለማንሣት አንድ ደቂቃ፥ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ በቂ ሆነ። ይህ ለጊዜው ታላቅ እርምጃ ነበረ። ነገር ግን አንባቢያችን ይህን ጽሑፍ ለጥቂት ጊዜ አስቀምጦ፥ ዓይኑን ሳያርገበግብ፥ አንገቱን ሳያዞር፥ ፈገግ ብሎ ለአንድ ደቂቃ ለመቀመጥ ቢሞክር የሙሽሮቹን መከራ ያውቀዋል። ፈገግታው በአሥረኛው ሴኮንድ ላይ ከፊቱ ይረግፋል። በቀድሞ ፎቶግራፎች ላይ ሰዎች ሁሉ የተቆጡ መስለው የሚታዩት ዘመኑ የቍጣ ዘመን ስለ ነበረ አይደለም። ባህሉም የራሱ ድርሻ ቢኖረውም፥ ከባዱ ምክንያት ይህ ነው።

ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሺዎች ከተነሺው ጀርባ የሚቆም የብረት ዘንግ አዘጋጁ። በዘንጉ ጫፍ ላይ እንደ ጉጠት ያለ መያዣ ነበረበት፤ ያም ራስን ከኋላ ይዞ እንዳይወዛወዝ ያደርጋል። በብዙ የቆዩ ፎቶግራፎች ላይ ከሰዎቹ ጫማ ኋላ የዚህ ዘንግ እግር ዛሬም ይታያል። ሙሽራይቱ በዓይነ ርግብ ተሸፍና፥ አበባ ይዛ፥ ከኋላዋ በብረት ተይዛ ትቆማለች ማለት ነው። ዕለቱም ብዙ ጊዜ የሠርጉ ዕለት አልነበረም። ካሜራው ከባድ፥ ቤተ ክርስቲያኑ ጨለማ ስለ ነበረ፥ ሙሽሮቹ ከሠርጉ በኋላ ሲመቻቸው የሠርጉን ልብስ እንደገና ለብሰው ጣራው በመስተዋት ወደ ተሠራ የፎቶግራፍ ቤት ይሄዱ ነበረ።

የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በፌብሩዋሪ 10 ቀን 1840 ሲጋቡ የተነሣ ፎቶግራፍ የለም። በ1854 ንግሥቲቱና ባለቤታቸው ልዑል አልበርት በክብር ልብስ ሆነው በሮጀር ፌንተን ፊት ቆሙ፤ ይህም ምስል እስከ ዛሬ ድረስ የሠርጋቸው ፎቶግራፍ እየተባለ ብዙ ሰው ሲሳሳትበት ይታያል። የመጀመሪያ ልጃቸው ልዕልት ቪክቶሪያ በጃንዋሪ 25 ቀን 1858 ስትዳር ግን ጥበቡ አድጎ ስለ ነበረ፥ ወደ ጸሎቱ ከመሄዳቸው በፊት ልጅቱ ከአባቷና ከእናቷ ጋር ተነሣች። ምስሉ ሲወጣ ሙሽራይቱና አባቷ በግልጽ ሲታዩ የንግሥቲቱ ፊት ደብዝዞ ተገኘ። ንግሥቲቱም በማስታወሻቸው ላይ ስለ ተንቀጠቀጡ ምስላቸው ጥርት ብሎ እንዳልወጣ ጽፈዋል። ልጇን የምትድር እናት ዘውድ ብትደፋም ያው እናት ናት፤ ሰሌዳውም የመዘገበው ይህንኑ ነው። ለእኛ እንደሚመስለን በዚያ ምስል ላይ ካሉት ሦስት ፊቶች ሁሉ ስለ ዕለቱ ይበልጥ የሚናገረው የተበላሸው ነው።

በ1851 ፍሬድሪክ ስኮት አርቸር የተባለው እንግሊዛዊ በመዳቡ ፈንታ መስተዋትን በኮሎዲዮን ቀብቶ ማንሣትን አስተማረ። ከአንዱ መስተዋት ብዙ ወረቀት ማተም ስለሚቻል ዋጋው ረከሰ፤ ሕዝቡም ወደ ፎቶግራፍ ቤት ይጎርፍ ጀመር። ይሁን እንጂ መስተዋቱ ተቀብቶ፥ ተነሥቶ፥ ታጥቦ ማለቅ የሚገባው ገና እርጥብ ሳለ፥ በአሥር ወይም በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ነበረ። አንሺው በጨለማው ክፍል መስተዋቱን ሲቀባ ሕፃኑ እየሳቀ ነበረ እንበል፤ እርሱ ሮጦ እስኪመለስ ድረስ ልጁ ማልቀስ ይጀምራል። ልጁን እስኪያባብሉት ድረስ ደግሞ መስተዋቱ ይደርቃል።

ከዚህ ችግር የተነሣ በአውሮጳና በአሜሪካ እንግዳ የሆነ ልማድ ተፈጠረ። ሕፃን ብቻውን ቢቀመጥ ይወድቃል ወይም ይንቀሳቀሳል፤ በእናቱ ጉልበት ላይ ቢሆን ግን ይረጋጋል። ቤተ ሰቡ የሚፈልገው ደግሞ የሕፃኑን ምስል ብቻ ነው። ስለዚህ እናቲቱ ወይም ሞግዚቲቱ ከራሷ እስከ እግሯ ትልቅ ጨርቅ ትከናነብና ወንበር መስላ ትቀመጣለች፤ ሕፃኑም በላይዋ ይደረጋል። ሌላ ጊዜ ከመጋረጃ ኋላ ሆና እጇን ብቻ አውጥታ ትይዘዋለች። ባይሳካና ፊቷ ቢታይ፥ ፊቷን ከሰሌዳው ላይ የሚፍቁም ነበሩ። እንዲህ ያሉትን ፎቶግራፎች ዛሬ የሚሰበስቡ ሰዎች «የተደበቀች እናት» ይሏቸዋል። ምስሎቹን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ያስቃሉ፤ ደጋግሞ ሲያያቸው ግን ሳቁ ይቀራል። ጨርቁ የትከሻዋን ቅርጽ ያሳያል፤ ልጁም ያለ ፍርሃት የተደገፈው በእርሷ ላይ ነው።

ያ ዘመን ሕፃናት በብዛት የሚሞቱበት ዘመን ስለ ነበረ ወላጆች ልጃቸውን ሳያስነሡ ከሞተባቸው ፎቶግራፍ አንሺውን ወደ ቤታቸው ይጠሩ ነበረ። ያረፈው ልጅ በአልጋው ላይ እንደ ተኛ ሆኖ ይነሣል፤ ለብዙ ቤተ ሰብም የልጁ ብቸኛ ምስል ይኸው ነበረ። በዛሬ ዘመን አንዳንድ ሰዎች ያ የብረት ዘንግ ሬሳን አቁሞ ለማንሣት የተሠራ ነው እያሉ ያወራሉ። ይህ እውነት አይደለም። ዘንጉ የቆመን ሰው ራስ ለማስደገፍ እንጂ የሰውን ክብደት ለመሸከም አይችልም።

ከዚህ ላይ የአገራችንን ልጅ ሳናነሣ ማለፍ አይቻለንም። በኤፕሪል 1868 መቅደላ ሲወድቅ አፄ ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው ዐረፉ። ጥቂት ሳምንት ቈይቶ እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲጓዙ በመንገድ ላይ አረፉ። የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ በካፒቴን ስፒዲ እጅ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደና በዚያው በጋ በዋይት ደሴት ለንግሥት ቪክቶሪያ ቀረበ። በዚያች ደሴት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች ዝነኛ ፎቶግራፍ አንሺ ትኖር ነበረ። እርሷም በትላልቅ መስተዋት የምትሠራ፥ ተነሺዎቿንም ለደቂቃዎች ያህል ሳይንቀሳቀሱ የምታስቀምጥ ሴት ነበረች። ልዑሉን ብቻውን አነሣችው፤ ከካፒቴን ስፒዲም ጋር አነሣችው። ሌላው ሕፃን ሁሉ አስቸጋሪ በሆነበት በዚያ ሥራ፥ ቋንቋቸውን ገና ያልለመደው ይህ ልጅ ጸጥ ብሎ እንደ ተቀመጠ ምስሉ ይመሰክራል። ዓይኖቹን አይተን የፎቶግራፉን ጥበብ ለማድነቅ ብዙ ጊዜ ሞክረናል፤ አልሆነልንም። በጨርቅ ተከናንባ ከኋላው የምትይዘው እናት አልነበረችውም። ልዑሉ በ1879 በ18 ዓመቱ ዐረፈና በዊንድዘር ተቀበረ።

ወደ ሥራው ታሪክ እንመለስ። በ1871 ሪቻርድ ማዶክስ የተባለው ሐኪም በኮሎዲዮን ፈንታ ጄላቲንን ሞከረ፤ በ1878 ደግሞ ቻርልስ ቤኔት ጄላቲኑን በማሞቅ ፈጣን አደረገው። ከዚህ በኋላ ደረቅ መስተዋት በፋብሪካ ተሠርቶ በሣጥን ይሸጥ ጀመር፤ ብርሃን የሚቀበልበትም ጊዜ ከሴኮንድ በታች ወረደ። የብረቱ ዘንግ ከፎቶግራፍ ቤቶች ወጣ። በ1888 አሜሪካዊው ጆርጅ ኢስትማን 100 ፎቶግራፍ የሚያነሣ ጥቅል ያለበትን ኮዳክ የተባለ ካሜራ ለሽያጭ አቀረበ። ጥቅሉ ሲያልቅ ካሜራው እንዳለ ወደ ፋብሪካው ተልኮ፥ ታጥቦና ታትሞ፥ አዲስ ጥቅል ተጨምሮበት ይመለሳል። በ1900 ደግሞ በአንድ ዶላር የሚሸጠው ብራውኒ ወጣ። ተደብቃ ልጇን ስትይዝ የነበረችው እናት ካሜራውን በራሷ እጅ የያዘችው በዚህ ጊዜ ነው። በዚህም የተነሣ ከፎቶግራፉ ለሁለተኛ ጊዜ ጠፋች፤ አሁን ግን በካሜራው በኩል በመሆኗ ነው።

የጨለማው ነገር ገና አላለቀም ነበረ። በ1887 አዶልፍ ሚተና ዮሐንስ ጌዲከ የተባሉ ጀርመኖች የማግኒዚየምን ዱቄት ከፖታስየም ክሎሬት ጋር ቀላቅለው የብልጭታ ባሩድ ሠሩ። ባሩዱ በሰፌድ ላይ እንዳለ ያህል በትንሽ ገበታ ላይ ተነሥንሶ ሲለኰስ ቤቱን እንደ መብረቅ ያበራዋል። ከዚያም ነጭ ጢስ ጣራውን ይሸፍናል፤ አመዱ በሙሽራይቱ ልብስ ላይ ይረግፋል፤ ሕፃኑም በድንጋጤ ይጮኻል። እጃቸውንና ዓይናቸውን ያጡ አንሺዎች ነበሩ። በ1929 በጀርመን አገር በአምፖል ውስጥ የታሸገ ብልጭታ ተሠራ፤ ጢስና አመድ ቀረ። አምፖሉ ግን የሚያገለግለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በሠርግ ላይ የሚሠራ ሰው ኪሱን በአምፖል ሞልቶ ይሄድና የጋለውን እያወጣ ሌላ ይተካ ነበረ። የኤሌክትሪክ ብልጭታ በኋላ መጥቶ ይህን ሁሉ አስቀረ።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ግን ከጊዜና ከጨለማ ይልቅ ከፍ ያለ ሌላ ችግር አለ፤ ይኸውም የቀለም ችግር ነው። የቀድሞዎቹ ሰሌዳዎች የሚያውቁት ሰማያዊና ሐምራዊ ብርሃንን ብቻ ነበረ፤ ቀይና ቢጫ ለእነርሱ እንደ ጥቁር ነው። የጠይም ሰው ፊት ውበቱ ያለው ከቀይና ከቢጫ ወገን በሆነው ብርሃን ስለ ሆነ፥ በእነዚያ ሰሌዳዎች ላይ በዓይን ከሚታየው ይልቅ ጠቁሮ ይወጣ ነበረ። በነጠላ ጥለት ላይ ያለው ቀይ ጥበብም እንደ ከሰል ሆኖ ይታያል። ጀርመናዊው ሄርማን ፎገል በ1873 በሰሌዳው ላይ ቀለም በመጨመር ሌላውን ብርሃን ማስተማር እንደሚቻል ደረሰበት፤ ቀይን ጭምር የሚያውቅ ሰሌዳ በእንግሊዝ አገር ለገበያ የቀረበው ግን በ1906 ነው።

በአፄ ምኒልክ ዘመን የነበሩ ፎቶግራፎችን ስንመለከት ይህን ማሰብ ይገባናል። የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ የነበረው ስዊዛዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ብዙ ፎቶግራፍ አንሥቷል። ከዚያም አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹም ሥራውን ወርሰው ቶኒ የተባለው እስከ አፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ድረስ አገልግሏል። በእነዚህ ቤቶች የተነሡ ሰዎች ፊታቸው ከጥቁር ካባና ከነጭ ሸማ መካከል ተለይቶ እንዲታይ አንሺው ምን ያህል እንደ ደከመ የሚገነዘበው ሥራውን የሞከረ ሰው ነው። ነጭ ጥጥ ከሚያርፍበት ብርሃን አብዛኛውን መልሶ ይሰጣል፤ ጠይም ፊት ግን ጥቂቱን ነው። ለሸማው የሚበቃው ብርሃን ለፊት አይበቃም፤ ለፊት የሚበቃው ሸማውን ያቃጥለዋል። የብርሃን መለኪያ መሣሪያ ከመጣ በኋላም ችግሩ አልቀረም። መሣሪያው የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ስለሚገምት፥ ነጭ የለበሰች ሙሽራ ፊቱ ስትቆም «ብርሃን በዝቷል» ይላል። አንሺውም አምኖት ቢቀንስ ቀሚሱ ያምራል፤ ሙሽራይቱ ግን ትጠፋለች።

ፀሐያችንም ለሠርግ አትመችም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ላይ ስለምትገኝ በሚያዝያ ወር መጀመሪያ ገደማ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ በአናት ትቆማለች፤ ከፋሲካ በኋላ ሠርግ በሚበዛበት ወራትም ከአናት ብዙ አትርቅም። በዚያን ሰዓት የተነሣ ሰው ግንባሩና አፍንጫው ያበራሉ፥ ዓይኖቹ ግን በሁለት ጥቁር ጉድጓድ ውስጥ ይገባሉ። በጥር ወር ነገሩ ጥቂት ይሻላል። ከዚህ ሸሽቶ ወደ ዳስ የገባ እንደ ሆነ ደግሞ ውስጡ ጨለማ፥ በሩ ነጸብራቅ ነው። ካሜራው ወደ በሩ ዞሮ ከተነሣ እንግዶቹ ሁሉ ጥላ ይሆናሉ።

ከብርሃኑም በላይ የሰዉ ክብር አለ። ለትልቅ የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ ሰዎቹ በሦስት ረድፍ ተቀምጠው መታየት አለባቸው፤ ነገር ግን ማን ከማን ፊት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ቁመት ሳይሆን ዕድሜና ማዕረግ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ሠርግ ላይ ወጣቱ ፎቶግራፍ አንሺ አንድን ረጅም ሽማግሌ «አባቴ፥ እባክዎ ትንሽ ዝቅ ይበሉልን» ቢላቸው፥ «በገዛ ልጄ ሠርግ ዝቅ በል ትለኛለህን?» ብለው ሲቆጡ ሰምተናል። ሽማግሌው እስኪስቁ ድረስ ሩብ ሰዓት ያህል አለፈ፤ በዚህ መካከል ሁለት ሕፃናት ከረድፉ አምልጠው ነበረ።

በፊልም ዘመን የነበረው አንሺ ይህን ሁሉ ሲታገል በእጁ የነበረው አንድ ጥቅል 36 ፎቶግራፍ ብቻ ነበረ፤ ትልቁን ፊልም የሚጠቀም ከሆነ ደግሞ 12። ሽማግሎቹ ሲመርቁ፥ ሙሽራው ሲመጣ፥ ሚዜዎቹ በር ላይ ሲከለከሉ፥ ሙሽራይቱ የወላጆቿን ጉልበት ስትስም፥ ሁሉንም በቍጥር ያካፍላል። ፊልሙ በውስጥ ካልተጠመደ ካሜራው ድምፁን እያሰማ ቀኑን ሙሉ ባዶውን ይውላል። በብልጭታ ሲያነሣ የካሜራውን ፍጥነት ካበዛው ከምስሉ እኩሌታው ጥቁር ይሆናል፤ ሙሽራው ታይቶ ሙሽራይቱ የማትታይባቸው ፎቶግራፎች ከዚህ የመጡ ናቸው። ይህንንም የሚያውቀው ፊልሙ ከታጠበ በኋላ፥ ድንኳኑ ፈርሶ ድስቱ ሁሉ ለየባለቤቱ ከተመለሰ ወዲያ ነው።

የሕፃኑ ነገር በአገራችን ከዚህ ይለያል። አራስ ቤት ደብዘዝ ያለ ነው፤ ሕፃኑም ዓይን እንዳይበላው ተሸፍኖ ይቆያል፤ ፎቶግራፍ ይነሣ ማለትም በብዙ ቤት የሚወደድ ነገር አልነበረም። ስለዚህ የመጀመሪያው ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ የክርስትናው ነው፤ ወንዱ በ40 ቀን፥ ሴቷ በ80 ቀን። ሐኪሞች እንደሚሉት ሕፃን ሰው አይቶ ፈገግ ማለት የሚጀምረው ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። እንግዲህ ወንዱ ለካሜራ የሚቀርበው ገና ፈገግታ ሊማር ሲል፥ ሴቷ ግን ከተማረች በኋላ መሆኑ ነው። ይህ የአባቶች ሥርዓት ለፎቶግራፍ ተብሎ ያልተሠራ መሆኑን እናውቃለን፤ ነገር ግን የክርስትና ፎቶግራፎችን የሚያስተያይ ሰው ልዩነቱን ይፈልግ። ክርስትናው የሚፈጸመው ደግሞ በማለዳ፥ ብርሃኑ ገና ባልበረታበት ሰዓት ነው። የአውሮጳ አንሺዎች ሕፃን ወደ ካሜራው እንዲያይላቸው የምታፏጭ የናስ ወፍ ያሳዩ ነበረ፤ አራስ ሕፃን ግን አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ያለውን ብቻ ስለ ሆነ፥ ለእርሱ የእናቱ ፊት እንጂ ወፏ አትታየውም።

ባለ ቀለም ፊልም ሲመጣ የጠይሙ ፊት ችግር ያበቃል ተብሎ ነበረ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ግን የኮዳክ ማተሚያ ቤቶች ቀለማቸውን የሚያስተካክሉት በአንዲት ነጭ ሴት ፎቶግራፍ ነበረ፤ ካርዱም «ሸርሊ» ይባል ነበረ። የእርሷ ፊት ካማረ የሁሉም ያማረ ይባላል። ካናዳዊቷ ተመራማሪ ሎርና ሮት በ2009 ባሳተመችው ጥናት እንደ ገለጠችው፥ ፋብሪካው ቡናማውን ቀለም ለማሻሻል ከተገፋፋባቸው ምክንያቶች አንዱ የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ ሠሪዎች አቤቱታ ነው። ከየፊቱ ይልቅ የጠረጴዛው አቤቱታ ቀድሞ ተሰማ። ዛሬ ሁሉም በኪሱ በሚይዘው ስልክ ያነሣል፥ ወዲያው ያያል፥ ካልወደደው ይደግማል፤ በጨለማ የሚያዩ፥ ጠይም ፊትንም ለይተው የሚያውቁ መሣሪያዎች መጥተዋል። ስለዚህ ዘመን ብዙ አንጽፍም፤ ችግሩ ሌላ ነውና።

እነዚህን ነገሮች እንድንመረምር ያደረገን የእናታችን ሁለት ፎቶግራፎች ናቸው። አንደኛው በ1980ዎቹ መጨረሻ፥ ከፋሲካ በኋላ፥ በእኩለ ቀን የተነሣ የሠርጓ ነው። አንሺው እንደ ሁሉም መሣሪያውን አመነ። እናታችን ካረፈች በኋላ ኔጋቲቩን አግኝተን ወደ አንድ ባለሙያ ወሰድነው፤ እርሱም በኮምፒውተር አጉልቶ አሳየን። በነጠላዋ ጥለት ላይ ያለው ጥበብ ክር በክር ይቆጠራል። ፊቷ ባለበት ስፍራ ፊልሙ ጠርቶ ምንም የሌለበት ነው። ባለሙያው ብርሃን ቢጨምርበት ግራጫ ጭጋግ ብቻ ወጣ፤ «ከዚህ የሚገኝ የለም» ብሎ መለሰልን።

ሁለተኛው በፎቶግራፍ ቤት የተነሣ የእኛ የልጅነት ምስል ነው። ፏፏቴና አበባ ከተሣለበት መጋረጃ ፊት በወንበር ላይ ተቀምጠን እናለቅሳለን፤ ከብብታችን ሥር አንድ እጅ ከነቀለበቱ ይታያል። ዕድሜዋ ከ70 ያለፈውን አክስታችንን ስለዚህ እጅ ብንጠይቃት መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችው። «እናትህ ናታ! ሰውዬው፥ እርስዎ ከፎቶው ይውጡልኝ አላት። አንተ ደግሞ አልለቅም ብለህ ጮኽህ። ከወንበሩ ኋላ ጎንበስ ብላ ነበር፥ እንዳትታይ ነጠላዋን በጥርሷ ይዛ» አለችን።